የመደረቢያው ልክ

ሐና፣ እስቲ ንገሪኝ፣ የሳሙኤል እናት፣
ለልጅሽ መደረቢያ ስትሰፊ ዓመት በዓመት፣
ክንዱ በምን ይለካል? ቁመቱ በምን ይያዛል?
ልጅ እንደ ደንገል ነው፣ ዞር ሲሉ ይረዝማል።

አንቺስ ሴሎ ወጥተሽ፣ በሩን አልፈሽ ገብተሽ፣
አልብሰሽው ይሆናል፣ አንገቱን አሽትተሽ።
እኔ ታንኳ ላይ ነኝ፣ ክብራን ማዶ ቆሞ፤
ሴት አትረግጥም ደጁን፣ ሥርዓት ነው ከቀድሞ።

ከፋኝ አልልም፤ ራሴው ነኝ የተሳልሁ ለገብርኤል፣
«ልጅ ስጠኝ፣ መልሼ ላንተው እሰጣለሁ» ስል።
ድምፄ ሳይሰማ ከንፈሬ እንዳንቺው ሲላወስ፣
ሰክራለች ያለኝ የለም፤ ብቻዬን ነበርኩ ሳለቅስ።
ሰባት ሲሞላው ሰጠሁት፣ ይበልጣልን፣ አንድ ልጄን፤
ታንኳው ሲርቅ ውኃው ላይ ረሳሁት እጄን።

ከዚያ ወዲህ በየታኅሣሥ፣ የሽምብጧን ጎረቤቴን ልጅ አቁሜ፣
እኩያው ነው ብዬ፣ በሱ ጀርባ ለክቼ፣ ደግሜ ደጋግሜ፣
ስድስት ልብስ ሰፋሁ። አንዱ ጠበበ፣ አንዱ ሰፋ፤
የአምናው ብብቱ ተተርትሮ መጣ፤ አላጠብኩም፣ ሽታው እንዳይጠፋ።

ዘንድሮ ቀዛፊው ዳኘው፣ ገመዱን ሲፈታ፣
«ልጅሽ አንቺን አክሏል» አለኝ፤ ዝም አልኩ ላንድ አፍታ።
ማታ ባሕር ዳር መብራት ጠፋ። በሻማ፣ በር ዘግቼ፣
አዲሱን አቡጀዲ በራሴ ገላ ለካሁት፣ ትከሻዬን አቅንቼ፤
እጅጌው በክንዴ ልክ፣ አንገቱ በአንገቴ፣
ርዝመቱ እስከ ባቴ።

ሐና፣ ነገ በቅዳሴ፣ ሴት በማትረግጠው ደጅ፣
የእኔ ቁመት ይቆማል፣ ለብሶት አንድ ልጅ።

ስሙ ይበልጣል አይደል?
ጠርዙን ሁለት ጣት አጥፌ ትቻለሁ፣ ለከርሞ።