ወላጅ ያልተገኘለት ግስ

ሊድስ ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቷ ዝናብ የሚያይ፣
ሄስተር ክራብትሪ አለች፣ ካርዶቿ ጠረጴዛ ላይ።
የመዝገበ ቃላቱ ሰዎች ግስ በዕጣ ሲካፈሉ
ለእሷ «ኪፕ» ደረሳት። «ቀላል ነው፣ ዕድለኛ ነሽ» አሉ።

ቀላል!
ንብ ለሚያረባ «ኪፕ»፣ ሱቅ ለሚያስተዳድር «ኪፕ» ነው፣
ቃሉን ለማያጥፍ «ኪፕ»፣ ምሥጢር ለሚውጥም ያው ነው።
ወተት ሳይበላሽ ካደረ በዚሁ ግስ ያወሩታል፤
ባለታክሲውን «መልሱን ተወው» ስትል፣ ይኸው ይመጣል።
ሰው ሲከበብ የሚሸሸግበት የግንቡ ወፍራም ማማ
ስሙ ያው ነው። አርባ ሦስት ካርድ ሞላ፣ የምሳ ደወል ሳይሰማ።

ከሰዓት የዘር ማንዘር ጥያቄ፦ የማን ልጅ ነህ? ከየት ነቅለህ?
ጀርመንን ጠየቀች፤ አላውቀውም አለ። ደች ራሱን ነቀነቀ።
የሰሜን ባሕር ዘራፊዎች ቋንቋ ሰምቶ ሣቀ።
ላቲን በሩንም አልከፈተ።
ሺህ ዓመት ወደ ኋላ፣ በመነኮሳት ብራና ላይ
ብቻውን ቆሞ አገኘችው፤ እናት የለ፣ አጎት የለ ከጎኑ ሲታይ።
ትርጉሙም ያኔ ሌላ፤ ማስቀመጥ ብቻ አልነበረም፤
ዓይን ጥሎ መጠባበቅ ነበር፣ ቢነጋም፣ ቢጨልምም።

እዚህ ላይ እርሳሷ ቆመ።

አባቷ አምብሮዝ፣ ካልደር ወንዝ አጠገብ፣ ከቦዩ ዳር፣
በዚህ ግስ ደመወዝ የበላ፣ የውሃ በር ጠባቂ ነበር።
ጭነቱን መኪና ነጠቀው። አሥራ አንድ ዓመት ጀልባ ሳይመጣ
እሱ ግን መዘውሩን ዘይት ሊቀባ በየጠዋቱ ወጣ።
«አባባ፣ ምንም የለም እኮ፣ ምኑን ነው የምትጠብቀው?» ስትለው፣
ፊቱን ከውሃው ሳያነሣ፣ «ዝም በይ፤ እያየሁ ነው።»

(እኔም፣ ይህን በአማርኛ የምጽፈው፣ ጣልቃ ልግባ፦
«ጠበቀ» ዘበኛው ነው፣ «ጠበቀ» እንግዳዬ እስኪገባ፤
ገመድም ሲከር «ጠበቀ»፣ በፍርድ ቤትም «ጠበቃ» አለ።
አንድ እናት ይኑራቸው፣ ወይ ጎረቤት ይሁኑ፣ ማን መሰከረ? ማን ማለ?)

አሥር ሰዓት ሆነ። አለቃዋ ሚስተር ፔልሃም ብቅ አለ፤
«ያቺ ትንሿ ግስ አላለቀችም?» ብሎ እየሣቀ ተመለሰ።
እሷ በቀለም ጻፈች፦ «ምንጩ አይታወቅም።» ፈረመች።
ቆይታ፣ በእርሳስ፣ ከጥጉ ላይ፣ «እስካሁን» ብላ ጨመረች።
ካፖርቷን ደረበች፣ ጃንጥላዋን ፈለገች፣ አጣች፤
መብራቱን ሳታጠፋ ወጣች።