ሁለት መቶ ሜትር ሲቀር

ከኮምቦልቻ መናኸሪያ ጀርባ፣ ከያሲን ሱቅ ገባሁ፤
ሦስት ጂፒኤስ ደርድሮ «ምረጥ» አለኝ። አየሁ።
አንዱ ትልቅ ነው፣ መዳፍ የሚያህል፤
ፀሐይ ሲመታው ግን ገጹ ይጠፋል።
ሌላው አዲስ ነው፣ ባትሪው ግን ሰነፍ፤
ካልሰኩት በቀር ሥራው እንቅልፍ።
ሦስተኛው ያገለገለ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ፣
በጂቡቲ ጎማ ብዙ አገር ያወቀ።

«አማርኛስ?»
«አይችልም። እንግሊዝኛ፣ ዐረብኛ፣ ደሞ ቻይንኛ።»
«የኩታበርን መንገድስ?» ዝም አለ ያሲን፤
በዝምታው ልክ ዋጋ ቀነሰልን።
የተሰነጠቀውን ወሰድኩ።
(ጥርሰ ጎዶሎ አይዋሽም ብዬ ይሆን?)

ረዳቴ ሸምሱ መስታወቱ ላይ ለጠፈው፣
ከሙስበሃው ጎን፣ ከሚወዛወዘው።
አንዲት ሴት ተናገረች፣ ድምጿ ረጋ ያለ፣
ተቆጥቶ የማያውቅ፣ በልጅ ያልቆሰለ።
ሸምሱ ስም አወጣላት፦ «ወይዘሪት ዙሪ» አለ።

ጭነታችን ቆርቆሮ፣ ለትምህርት ቤት መሥሪያ፣
ካርታ ላይ ለሌለች መንደር፣ ከኩታበር ወዲያ።
ደሴን አለፍን፣ ቦሩ ሜዳን። አስፋልቱ ሲያልቅ
ቀስቷ ባዶ ሜዳ ላይ ቆሞ ይዋልል ጀመር።
«ተመለስ ትልሃለች» ይላል ሸምሱ፣ «ከቻልክ ተመለስ።»
ግራው ገደል፣ ቀኙ አለት። አይሱዙ ፍየል አይደል።

አባ አራጋውን ጠየቅን። በአገጫቸው ጠቁመው
«እዚሁ ነው» አሉን፣ «ያችን ጉብታ ዞር ስትሉ፣ ከወርካው ሥር ነው።»
ጉብታ አለፍን። ሌላ ጉብታ። ወርካውም ብዙ ነው።
«እዚሁ» ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆነ።
እሷ መንገዱን አታውቅ፣ እሳቸው ሰዓቱን፤
ሁለቱን አቻችዬ አደረስኩ ቆርቆሮውን።

ሲመሽ ተመለስን። ጦሳ በጉም ተውጦ ነበር፤
ሐረጎን ስንወርድ መብራቴ ጉሙን መትቶ ፊቴ ላይ ይመለስ ጀመር።
ሸምሱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የመንገድ ጠርዝ ይፈልጋል፤
በተሰነጠቀው ገጽ ላይ ግን ሰማያዊ መስመር እንደ እባብ ይጠቀለላል።
«ሁለት መቶ ሜትር ሲቀር ወደ ግራ» አለች፤ ያለ አስተርጓሚ ገባኝ።
እግሬ ፍሬን ላይ። መቶ። ሃምሳ።
ኩርባው እሷ ባለችበት አገኘኝ።

እዚያ ኩርባ ላይ ነው ጓደኛዬ እንድሪስ የቀረ።
ያኔም ጉም ነበረ።
ከዚያ ወዲህ ሾፌር ሁሉ «እንድሪስ ጋ ስትደርስ ማርሽ ቀንስ» ይባባላል፤
ካርታ ሠሪው ይህን ከየት ያውቃል?

በማግስቱ ስንወጣ እዚያው ዳር ይዤ ቆምኩ።
«ነጥብ ማስቀመጥ ይችላል?» ሸምሱን ጠየቅኩ።
«ይችላል፤ ፊደላችንን ግን አያውቅም።»
«እንግዲያው ቁጥር ስጠው።»
ዘጠኝ ሰጠው። የእንድሪስ ታርጋ መጨረሻው ዘጠኝ ነበር።

አሁን ሐረጎን ስወርድ፣ ሰማዩ ጠርቶም ቢሆን፣
ሁለት መቶ ሜትር ሲቀር
ወይዘሪት ዙሪ ስም አትጠራም።
አንዴ ጢጥ ትላለች።
ሸምሱ ሬዲዮኑን ይቀንሳል።
እኔ ማርሽ።