ቀዝቃዛ አፈር

(ማሞሬ ወንዝ ዳር፣ አንዲት አሮጊት ለቄሱ)

ዝናቡ አላባራም፤ አባ፣ ይሰማሃል?
ጂሞን እዚያ ታች ነው፤ ጭቃው ይጠጣዋል።

ድሮ ሰው ሲሞትብን፣ ከየጎጆው ጣራ
ወጋግራ እየነቀልን እሳት ስናበራ፣
እናት አትቀርብም ነበር፤ የሚስቱ ወንድም ነው
ሥጋውን በስንጥር ወግቶ፣ እያለቀሰ የሚጎርሰው።
ርቦት እንዳይመስልህ፤ ዓሣው ሞልቶ ተርፏል፤
እያቅለሸለሸው፣ ስለኛ ይውጠዋል።
ከመሬት ይልቅማ የሰው ሆድ ይሞቃል፤
ሆድ ውስጥ ያደረ ሰው እንዴት ይበርደዋል?

ከዚያ ጎጆውን አቃጥለን፣ ዱካውን ጠርገን፣
ዐይናችን እንዲረሳው፣ መንገድ ቀይረን…

አንተ መጣህ በጀልባ፣ አካፋህን ይዘህ፤
«ሰው በላዎች» አልከን፣ በቋንቋችን ታግለህ።
ጉድጓድ ቆፈርንልህ፤ ብቻውን አስተኛነው፤
ይኸው ጉብታው አለ፣ ስወጣ ስገባ የማየው።
በላዩ የበቀለውን ሣር ፍየልህ ትግጣለች፤
ጠዋት ጠዋት ወተቷን ላንተ ትሰጣለች።

ምንም አላልኩህም።

ዛሬ ግን ዝናቡ እንቅልፍ ነሳኝና ልንገርህ፤ አትቆጣ፦
አፈርም ሰው በላ ነው፣ ጥርሱ ባይታይም፤
እሱ ግን፣ አባ፣ ሲበላ አያለቅስም።