ኃይለኛ ውሻ አለ

ሚልኪያስ ከመድን መጣ በባጃጅ፣
ጫማው ጭቃ ጠግቦ፣ ፎርሙን ይዞ በእጅ።
ቤቴ ከጣፎ ወዲያ፣ አስፋልት ያለቀበት፣
ቀን ሲኖትራክ፣ ማታ ጅብ የሚያልፍበት።

«ጣሪያው?» «ቆርቆሮ ነው።» «ግድግዳው?» «ብሎኬት።»
«ቃጠሎ ቢነሳ?» «አለልኝ ጎረቤት።»
ቀና ብሎ አየና የበሬን ላይ ጽሑፍ፣
እስክሪብቶው ቆመ፣ ሊቀጥል ሲል መጻፍ።
«ኃይለኛ ውሻ አለ» ይላል በቀይ ቀለም።
«ዝርያው ምንድን ነው?» አልኩት፦ «ውሻ የለም።»
«ለሌባ አለ እንዴ፣ ለእኛ ሲሆን የለም?»
ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ነበረ። ሮትዌለር። ስሙም ዋሴ ነበር።
መብራት ሳይገባልን፣ ሳይቆም የግንብ አጥር፣
በእሱ ጉሮሮ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።
ነሐሴ ላይ፣ በዶፍ፣ ለመጨረሻ ጮኸልኝ፤
ጅቦቹ ሦስት ናቸው፣ እሱ አንድ። ሲነጋ
ሰንሰለቱን ለቀምኩ፣ ብረት ያለ ሥጋ።

ልጁ አንገቱን ደፋ።
«ይንቀሉት እትዬ፣ ዓረቦን ይቀንሳል፤
ሰሌዳው ካለ ግን ውሻው አለ ይባላል፣
ሮትዌለር ከሆነ ሂሳቡ ይጨምራል።»

መፍቻ ይዤ ወጣሁ። አንዱ ብሎን ላላ።
ማዶ፣ ካላለቀው ፎቅ፣ ከአሸዋው ኋላ
ሁለት የማላውቃቸው ቆመው ያዩኛል።
መልሼ አጠበቅሁት። «ጻፍ» አልኩ፣ «ይሻለኛል።»

«ዕድሜው?» «አምስት ዓመት።» «ነክሶ ያውቃል ሰው?»
«ሰው እንኳን አልነካም።» ድምፄን ሳግ ያዘው።

እናም በየዓመቱ፣ ከጡረታ ብሬ፣
የዋሴን ዓረቦን እከፍላለሁ ቆጥሬ።
ሌባው አንብቦታል፣ አልፏል ከበሬ፤
ጅብ ግን ፊደል አያውቅ።
መጥቶ ነበር ዛሬ።