አራተኛው ማይክ

ሃይፋ፣ ወደቡ ዳር፣ ከዓሣ መሸጫው ሥር፣
ከአየርላንድ የመጡ ሦስት ሽበታሞች፣ የአንድ ማኅፀን ዘር፣
አዲስ አልበም ሊቀዱ ነው። ገመድ ስዘረጋ፣
«አራት ማይክ ትከል» አለችኝ ኦርላ፣ ወደ እኔ ስትጠጋ።

ቆጠርኳቸው፤ ሦስት።
«ኮርማክ ቀረን» አለች። «ማርፈድ ልማዱ ነው፤ ዘንድሮ ግን በዛ።»
ታናሽየው ጫማውን እያየ ፈዘዘ።

ተከልኩት። ዘፈኑ።
የመርከብ ጡሩምባ ሁለቴ ገባባቸው፤ ሳቁና ደገሙ።

ማታ ብቻዬን ስቀር፣ ባዶውን መስመር ላጠፋ፣
አስቀድሜ ከፈትኩት፦
የሦስቱ ድምፅ ከሩቅ፣ እንደ ጎረቤት በግድግዳ፣
አንዲት ትንፋሽ ታህል
ዘግይቶ ሲገባ።

ጣቴ ማጥፊያው ላይ ቆሞ ቀረ።
ከዚያ ከፍ አደረግሁት፤
ጥቂት።