ተሳቢ

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ቡሬ፣ ሰባተኛ ክፍል፣
«ባለቤት ይቅደም፣ ተሳቢ ይከተል፣
ማሰሪያው መጨረሻ» እያልኩ ሳስተምር፣
ጠመኔ ስተነፍስ፣ ደመወዝ ስቆጥር፣
አንድ ሰኔ መጣ፤ ዝናብና ዕዳ ባንድ ቀን ገቡብኝ፤
ከእህል መጋዘኑ፣ የግቢ ኃላፊ፣ እንጀራ ተገኘልኝ።

አሁንም እጄ ላይ ነጭ አለ፤ ኖራ ነው።
አሁንም አሰምራለሁ፤ ሰሌዳዬ ጭቃ ነው፤
ሌሊት ይሰርዘዋል፣ ጠዋት እጽፈዋለሁ።

ስገባ ግቢው ግቢ አልነበረም።
አርባ አንድ ተሳቢ፣ በንግሥ ቀን ደጀ ሰላም
እንደ ወለቀ ጫማ ተደበላልቆ፣
ማዳበሪያ የጫነው በባዶው ታንቆ፣
ሾፌር ሁሉ አዛዥ፣ ረዳት ሁሉ ጌታ፣
ክላክስ ብቻ ነበር የግቢው ሰላምታ።

ሰዋስው አወጣሁለት።
«ቀድሞ የሚወጣ፣ ኋላ ይግባ» አልኩ፤
የነቀምቱን ከግራ፣ የማርቆሱን ከቀኝ ለየሁ፤
በቃልና በቃል መሃል ሁለት ነጥብ እንዳለ ሁሉ
በረድፍና በረድፍ መሃል መተላለፊያ ተውኩ።
ታርጋው በደብተሬ፣ ደብተሩ በብብቴ፣
«ና… ና… ስበረው… መልስ… በቃ!»
እጄ ሆነ አንደበቴ።

ቢያዝን የሚሉት የጉንደወይን ሾፌር ሳቀብኝ፦
«መምህር፣ መኪና እንደ ግስ ይረባል ወይ?» አለኝ።
ነሐሴ ላይ፣ አርባ ደቂቃ የለመደው ሰው
በስድስት ደቂቃ ከበሩ ወጣ፤
ምስጋና አልወጣውም፤
አንድ እሸት በቆሎ በመስኮት ወርውሮ፣ ማርሹን አስገባ።

አንዲት ብቻ አለች፣ ሰባተኛው ረድፍ፣ ከሚዛኑ ጀርባ፣
ሸራዋ ተቀዶ፣ ሰርዶ ጎማዋን አልፎ ከሆዷ የገባ።
ጎታቿን ፈትቶ «መጣሁ» ብሎ ሄደ፤ መንገድ ተዘጋ ተባለ።
ሦስተኛ ክረምቱ ነው። የአጥናፉ ስልክ እስካሁን ዝግ አለ።

ሥራ አስኪያጁ በየወሩ፦ «ቦታ ይዛለች፣ ትነሳ!»
እኔም መዝገብ ላይ ጻፍኩ፦
«ባለቤቱ ያልታወቀ ተሳቢ፣ ብዛት አንድ።»
ጻፍኩና አፈርኩ።
የሰባተኛ ክፍል ልጅ ቢጽፈው በቀይ አርም ነበር።
በእኛ ቋንቋ ባለቤት ቢሰወር እንኳ
ከግሱ ውስጥ አይጠፋም፤
«ሄደ» ስትል፣ እሱ እዚያው አለ፤
«ይመጣል» ስትልም።
ሰረዝኩት። «አጥናፉ ይወስዳታል» ብዬ ሞላሁ።
ሥራ አስኪያጁ ፈረመ፤ አላነበበም መሰለኝ፤
ወይም አንብቦ ነው።

ሲመሽ ግቢውን እዞራለሁ፤
የእጅ ባትሪዬ ረድፍ በረድፍ ያነባል።
ሁሉም በመስመሩ፣ ሁሉም በታኮው፣
ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ፣
አራት ነጥቡን አግኝቶ ያድራል።

ሰባተኛው ረድፍ ላይ ግን እቆማለሁ።
ከእሷ ሥር አንዱን ታኮ ካነሳሁ ሰነበትኩ።
ጥበቃው ስማቸው አይቶ ጠየቀኝ፤
ሜዳ ነው፣ አትንሸራተትም አልኩት፤
ሦስት ነጥብ ይበቃታል…