የኦቶራይ ጣቢያ

ሰላሳ አንድ ዓመት ሐዲድ ቀይሬያለሁ፣
ስንቱን የጅቡቲ ባቡር ከነጭነቱ
በዚች ቀጭን ክንዴ መስመር አስይዣለሁ።
ዛሬ ሁለት ኪሎ የማይሞላ ፍጥረት፣ ጆሮው የተንጠለጠለ፣
በሰባ ዓመቴ መጥቶ አልታዘዝም አለ።

ስሙን ኦቶራይ አልኩት፤ ሩጫው ያቺን ነው።
ከወንበሬ ሥር ተነሥቶ፣ ሳሎኑን አቋርጦ፣
ምንጣፉ መሃል ቆመና ጭነቱን አራገፈ፤
ፊሽካ ሳይሰማ፣ ባንዲራ ሳያይ፣ ጅራቱን ቆልምሞ አለፈ።

ከዚራ ነው ቤቴ፤ ግቢው የሁለት ሰው፣
በዚህ በኩል እኔ፣ በዚያ አዴ መፍቱሃ፤
መሃል የኒም ዛፍ፣ ከሥሩ መስገጃዋ፣
ከመስገጃዋ አጠገብ በጆግ የውዱእ ውሃ።
«ሙሴ ከፈለኝ፣» አለችኝ፣ «ውሻህን አልጠላም፤
ጆጌን ከላሰ ግን ሰባት ጊዜ ማጠብ፣ አንዱን በአፈር ደግሞ፤
ጉልበቴን ታውቃለህ፤ ሰባቱን አልችልም።»

ልክ ናት።
እንደ ድሮ ሥራዬ ሠንጠረዥ አወጣሁ፣
ከበሩ ጀርባ በምስማር መታሁ፦
ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል፣ ፀሐይ ሳትከር፤
ቁርስ በበላ በሩብ ሰዓት፤ ከእንቅልፉ ሲነቃ፤
ከጫማዬ ጋር ተጣልቶ ሲታረቅ፤ ማታ አንዴ፣ በቃ።
መድረሻ፦ ከውጭ በር ማዶ፣ ከቦዩ ዳር።

ይዤው እወጣለሁ። ያሸታል። ይቀመጣል።
ባጃጅ ሲያልፍ ያያል፣ ፍየል ሲያልፍ ይገረማል።
ግማሽ ሰዓት ቆመን፣ ላቤ ጀርባዬ ላይ ደርቆ፣
ቤት ስንገባ፣ ሲሚንቶው ቀዝቃዛ ነውና፣
ያኔ ይሸናል፣ ተረጋግቶ፣ ተጠንቅቆ።

ባጃጅ ነጂው ምንተስኖት «አፍንጫውን» አለኝ፣ «በሽንቱ ማሸት ነው።»
አንድ ጠዋት አንገቱን ይዤ አነሣሁት፤
ልቡ በመዳፌ ውስጥ እንደ ኪስ ሰዓት ስትመታ ሰማኋት፤
አስቀመጥኩት። መወልወያዬን አመጣሁት።

አሁን የማፍርበትን ልናገር።
የእኔም ፊኛ አርጅቷል፤ ሌሊት ሦስቴ ይቀሰቅሰኛል።
በድሬ ሙቀት ደጅ ነው የምተኛው፣ አጎበሬን ወጥሬ፤
ቡችላው ከአልጋዬ ሥር ወጥቶ፣ የት ልትሄድ ነው ብሎ ያየኛል።

አንድ ሌሊት የመጸዳጃው ቁልፍ ጠፋ፤
ትራሱን ገለበጥኩ፣ ኪሴን አራገፍኩ፤ ነገር ከፋ።
ከኒሟ ጀርባ የአሸዋ ክምር አለ፣
አዴ መፍቱሃ ከደቻቱ ያስጫነችው፣
ግቢውን ለሁለት በግንብ ልትከፍለው፤
ሲሚንቶ ተወዶ ሦስት ዓመት የተቀመጠው።
ግራ ቀኝ አየሁ። መብራት ጠፍቷል። ቆምኩ።
ከእግሬ ሥር ሌላ ትንሽ ጅረት ሲወርድ ሰማሁ፦
ኦቶራይ ዝቅ ብሎ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ እፎይ እንዳለ ሰው።

ጠዋት ብቻውን ሄደ። በማግስቱም ሄደ።
ምንጣፌ ደረቀ፤ ሠንጠረዡ ከነምስማሩ ወረደ።

ሱብሒ ልትሰግድ ከእኔ ቀድማ እንደምትነቃ
ማን አስታወሰኝ?
«ሙሴ ከፈለኝ፣» አለች ሻሿን አፏ ላይ ይዛ፣
«ተማሪው ጎበዝ ነው፤ አስተማሪውም ደግሞ
በተግባር ነው አሉ የሚያሳየው፣ ቆሞ!»
መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።
እሷ ግን አሸዋውን በዐይኗ ለካች፣ ዝም አለች፣ ከዚያ፦
«ይሁንለት እስቲ። ግንቡስ ከማን ሊከልለን ኖሯል?»

ከሰዓት በኋላ በቲማቲም ጣሳ ውሃ ሞልታ፣
በመጥረጊያ እንጨት ገፋ፣ ገፋ አድርጋ፣
ከአሸዋው ዳር አደረሰችው። «የተጠማ ነፍስ ነው»
ብላ ተመለሰች፣ ቀሚሷን ሰብስባ።

በአሮጌው ጣቢያ ሣር በቅሏል፤ የሚገባ ባቡር የለም።
እኔ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እነሣለሁ፤
ቁልፉ ተገኝቷል፣ ኪሴ ውስጥ ነው፤
ግን ከኒሟ ሥር ባትሪዬን ዝቅ አድርጌ እቆማለሁ።
ይመጣል። አንድ ቀን እንኳ አርፍዶ አያውቅም።